የፍልሰት ክርክር፣ የሪፐብሊካን ፓርቲ ክፍፍልና የዲቪ ዕጣ

ለዓመታት ጥቅምት በገባ ቁጥር በየፎቶ ቤቱና በየኢንተርኔት ቤቱ ደጃፍ «ዲቪ ይሞላል» የሚል ማስታወቂያ ሲለጠፍ ኖሯል። ወቅቱ የአሜሪካ ምርጫ ከሚካሄድበት ዓመት ጋር ሲገጥም ደግሞ አብሮ የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ «የትኛው ፓርቲ ለስደተኛ ይሻላል?» ይባላል። ነገሩን ጠለቅ አድርጎ የሚከታተለው ሰው «ከሪፐብሊካኖቹም ቢሆን ለዘብተኞቹ ቢያሸንፉ ይሻለን ነበር» ሲል ይመልሳል። የሪፐብሊካን ፓርቲ ክፍፍል በእኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚታየው በዚህ መነጽር ነው፤ በአንድ ወገን ስደተኛን የሚወዱ፣ በሌላው ወገን የሚጠሉ ተደርገው ይሳላሉ። በእኔ እምነት ይህ አከፋፈል ስሕተት ነው። የፓርቲው ሁለት ክንፎች የሚለያዩት «የትኛው ሰው ይግባ፣ ዋሱስ ማን ነው?» በሚለው ጥያቄ እንጂ በመውደድና በመጥላት አይደለም። ዋስ የሌለው ሰው፣ ማለትም ኢትዮጵያውያን በብዛት የሚጠቀሙበት የዲቪ ዕድለኛ፣ ከሁለቱም ክንፎች ጠባቂ የለውም። ፕሮግራሙን ለብዙ ዓመታት ያቆየው የለዘብተኞቹ በጎ ፈቃድ ሳይሆን የፓርቲው አለመስማማት ነው።

አማርኛችን ነፍሱን ለማዳን የሸሸውንም፣ እንጀራ ፍለጋ የወጣውንም፣ በቤተሰቡ ጥሪ የሄደውንም «ስደተኛ» በሚል አንድ ቃል ይጠራል። ክርክሩ የሚያጠነጥነው ግን በእነዚህ ሰዎች ልዩነት ላይ ስለሆነ፣ ከዚህ በኋላ ጥቅሉን «ፍልሰተኛ» እያልኩ፣ ልዩ ልዩ መንገዶቹን በየስማቸው እጠራለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የክፍፍሉ ሥር ከዶናልድ ትራምፕ ወደ ፖለቲካ መምጣት በብዙ ይቀድማል። ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬጋን በኖቬምበር 1986 የፈረሙት ሕግ ሁለት ነገሮችን ያጣመረ ነበር፦ ያለ ፈቃድ ለረጅም ጊዜ ለኖሩ ሰዎች ሕጋዊ መኖሪያ መስጠትና፣ ፈቃድ የሌለውን ሰው እያወቀ የሚቀጥርን አሠሪ መቅጣት። የመጀመሪያው ተፈጸመ፤ 2.7 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሕጋዊ ሆኑ። ሁለተኛው ግን አሠሪው የቀረበለትን ሰነድ እውነተኛነት እንዲመረምር እምብዛም ስለማያስገድደው በአመዛኙ ወረቀት ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ «ምሕረት» የሚለው ቃል በፓርቲው ውስጥ እንደ ስድብ መቆጠር ጀመረ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የአሠሪዎች ቅጣት እንዲላላ የሚሻው የንግዱ ወገን ራሱ የፓርቲው የኋላ ደጀን ነበር። ስለዚህ በተራው የፓርቲ ደጋፊ ዘንድ ያደረው ቂም በፍልሰተኛው ላይ ብቻ የተነጣጠረ አልነበረም፤ «የራሳችን ሰዎች ሸጡን» የሚል ቁጭትም ነበረበት። ይህ ቁጭት ለሚቀጥሉት አርባ ዓመታት የፓርቲውን የውስጥ ቋንቋ ቀርጾታል ብዬ አምናለሁ።

በ1994 የካሊፎርኒያ አገረ ገዥ ፒት ዊልሰን ሕጋዊ ፈቃድ የሌላቸውን ሰዎች ከመንግሥት ትምህርት ቤትና ድንገተኛ ካልሆነ የሕክምና አገልግሎት የሚከለክለውን 187ኛውን የሕዝብ ውሳኔ ሐሳብ ደግፈው ሲወጡ፣ ከፓርቲው አንጋፋዎች መካከል ጃክ ኬምፕና ዊሊያም ቤኔት በይፋ ተቃወሟቸው። ሐሳቡ በ59 በመቶ ያህል ድምፅ ቢያልፍም ፍርድ ቤት አገደው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሴናተር አለን ሲምፕሰንና የተወካዮች ምክር ቤት አባሉ ላማር ስሚዝ ሕገ ወጡን ብቻ ሳይሆን ሕጋዊውንም ፍልሰት የሚቀንስ ረቂቅ ይዘው መጡ። የሚሺጋኑ ሴናተር ስፔንሰር አብርሃም፣ እርሳቸውም የሊባኖስ ፍልሰተኞች የልጅ ልጅ፣ ሁለቱ ጉዳዮች ተለያይተው እንዲታዩ አስደረጉ። በዚህም ሕጋዊውን ፍልሰት የሚቀንሰው ክፍል ወደቀ። በዚያ ዘመን የንግዱ ወገን፣ የሃይማኖት ድርጅቶችና የቤተሰብ ጠሪዎች ማኅበራት በአንድ ግንባር ቆመው ነበር። የእኔን ክርክር የሚቃወም ሰው የተሻለ ማስረጃ አያገኝም፤ የፓርቲው አንድ ክንፍ ሕጋዊ ፍልሰትን በጅምላ ያዳነበት ጊዜ በእርግጥ ነበረ። ቀጥሎ የመጣው ግን ሌላ ነው። የንግዱ ወገን ከሌሎቹ ጋር ሳይተሳሰር የራሱን ድርሻ ለብቻው መጠየቅን ተማረ።

የ2005 እስከ 2007 ዓመታት ክፍፍሉን በቁጥር ያሳያሉ። በዲሴምበር 2005 የተወካዮች ምክር ቤት ድንበር ጥበቃንና ቅጣትን ብቻ የያዘ ረቂቅ በ239 ለ182 አጸደቀ። በሜይ 2006 ሴኔቱ በፕሬዚዳንት ጆርጅ ደብሊው ቡሽ ድጋፍ ወደ ዜግነት የሚያደርስ መንገድ የያዘ ተቃራኒ ረቂቅ በ62 ለ36 አሳለፈ። ሁለቱንም ምክር ቤቶች የሚመራው አንድ ፓርቲ ሆኖ ሳለ ረቂቆቹን የሚያስታርቅ ጉባዔ እንኳ አልተጠራም። በሴኔቱ ድምፅ ከሪፐብሊካኖች 23ቱ ደግፈው 32ቱ ተቃውመው ነበር። በጁን 2007 ተመሳሳይ ረቂቅ ወደ መጨረሻ ድምፅ እንዲያልፍ ሲጠየቅ የደገፉት ሪፐብሊካኖች 12 ብቻ ሆኑ፤ ረቂቁም በ46 ለ53 ወደቀ። በ2013 ደጋፊዎቹ 14 ነበሩ። በፌብሩዋሪ 2024 የኦክላሆማው ሴናተር ጄምስ ላንክፎርድ ከዴሞክራቶች ጋር ተደራድረው ያመጡት የድንበር ረቂቅ ወደ ዜግነት የሚያደርስ አንዳችም መንገድ አልነበረውም፤ ይዘቱም ከቀደሙት ሁሉ ወደ ጥብቅነት ያዘነበለ ነበር። ይሁን እንጂ የደገፉት ሪፐብሊካኖች አራት ብቻ ናቸው። ረቂቆቹ የተለያዩ በመሆናቸው ቁጥሮቹን እንደ አንድ መስመር ማንበብ ጥንቃቄ ይሻል። የአራተኛው ቁጥር ትርጉም ግን ግልጽ ይመስለኛል፤ በዚያን ጊዜ ፓርቲውን ይከፍል የነበረው የረቂቁ ይዘት መሆኑ ቀርቶ ከሌላው ፓርቲ ጋር መስማማቱ ራሱ ሆኖ ነበር።

ለምን እንዲህ ሆነ? ብዙዎች የአስተሳሰብ ለውጥን ይጠቅሳሉ። እኔ ወደ አሠራሩ ማዘንበልን እመርጣለሁ። ሴናተር የሚመረጠው በመላው ክፍለ ግዛት ነው፤ የተወካዮች ምክር ቤት አባል ግን ብዙ ጊዜ ውጤቱ አስቀድሞ በሚታወቅ ጠባብ የምርጫ ወረዳ ይወዳደራል። እዚያ የሚያስፈራው ተቃዋሚ ፓርቲ ሳይሆን የገዛ ፓርቲው ቅድመ ምርጫ ነው፤ በቅድመ ምርጫ ደግሞ የሚወጣው ጥቂትና የቆረጠ መራጭ ነው። በጁን 2014 የብዙኃኑ መሪ ኤሪክ ካንተር በቨርጂኒያ ቅድመ ምርጫ ዴቭ ብራት በተባሉ እምብዛም በማይታወቁ የኢኮኖሚክስ መምህር ሲሸነፉ፣ ከተሰነዘሩባቸው ክሶች ዋነኛው በፍልሰት ጉዳይ ላይ ለዘብ ማለታቸው ነበር። ለሽንፈታቸው ሌሎች ምክንያቶችም ሊጠቀሱ ይችላሉ፤ ባልደረቦቻቸው የወሰዱት ትምህርት ግን አንድ ነበር።

በዚህ ላይ በአፈ ጉባዔው ዴኒስ ሃስተርት ስም የሚጠራው ያልተጻፈ ልማድ ይጨመራል። በልማዱ መሠረት አፈ ጉባዔው አንድን ረቂቅ ለድምፅ የሚያቀርበው ከራሱ ፓርቲ አባላት አብዛኞቹ የሚደግፉት ሲሆን ነው። ስሌቱን እንየው። በ2012 ምርጫ ሪፐብሊካኖች ከ435 መቀመጫዎች 234ቱን ይዘው ነበር፤ የእነዚህ አብላጫ 118 ነው። እንግዲህ ከምክር ቤቱ ከሦስት እጅ አንድ እጅ የማይሞሉ አባላት ቀሪው ሁሉ የሚደግፈውን ረቂቅ ደጃፍ ላይ ማስቆም ይችላሉ ማለት ነው። በጁን 2013 ሴኔቱ በ68 ለ32 ያጸደቀውን ሰፊ የፍልሰት ማሻሻያ አፈ ጉባዔ ጆን ቤይነር ለድምፅ አላቀረቡትም። ቢያቀርቡት ኖሮ በዴሞክራቶችና በጥቂት ሪፐብሊካኖች ድምፅ ሊያልፍ ይችል ነበር የሚለው ግምት ሰፊ ነው፤ ያላቀረቡትም ስለዚሁ ነው።

ያ ማሻሻያ የተረቀቀው ፓርቲው በ2012 ምርጫ ተሸንፎ ራሱን በሚመረምርበት ወቅት ነበር። ሚት ሮምኒ በመራጮች መውጫ ጥናት መሠረት ከላቲኖ መራጮች ያገኙት 27 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የፓርቲው ብሔራዊ ኮሚቴ በማርች 2013 ባወጣው ሪፖርት ሰፊ የፍልሰት ማሻሻያን ካልደገፍን የድጋፍ መሠረታችን ይጠባል ሲል አስጠነቀቀ። ለለዘብተኞቹ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አልነበራቸውም፤ ክርክራቸው የቆመው በርኅራኄ ሳይሆን በድምፅ ቆጠራ ላይ ነበርና። ትራምፕ ግን የሪፖርቱን ተቃራኒ ይዘው በ2016 አሸነፉ፤ በ2024 ደግሞ የመውጫ ጥናቶቹ ከላቲኖ መራጮች ከ40 በመቶ በላይ እንደደገፏቸው አሳዩ። ሪፖርቱ በሥነ ምግባር ስሕተት ነበር ማለት አይደለም፤ ትንበያው ግን ፈረሰ። ክርክሩን በትንበያ ላይ ብቻ ያቆመ ክንፍ ትንበያው ሲፈርስ የሚይዘው አጣ።

አሁን ወደ ዲቪ እንምጣ። በ1990 ሕግ የተደነገገው ይህ ፕሮግራም በዓመት 55,000 ቪዛ የሚመድብ ሲሆን፣ ኢትዮጵያ በብዛት ከተጠቀሙት አገሮች አንዷ ናት። የሚገርመው ግን ፕሮግራሙን ለማስቀረት የተደረጉት ሙከራዎች ከየት እንደመጡ ነው። በ2005 የተወካዮች ምክር ቤት ባጸደቀው የቅጣት ረቂቅ ውስጥ በቦብ ጉድላት አቅራቢነት ዲቪን የሚሰርዝ አንቀጽ ገብቶ ነበር፤ ከጥብቆቹ ክንፍ የሚጠበቅ ነው እንበል። በኖቬምበር 2012 ያው ምክር ቤት በ245 ለ139 ያጸደቀው ረቂቅ ግን የንግዱ ክንፍ ምኞት ነበር፦ የዲቪን 55,000 ቪዛዎች ወስዶ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በሳይንስ፣ በቴክኖሎጂ፣ በምሕንድስናና በሒሳብ ከፍተኛ ዲግሪ ለያዙ የውጭ ዜጎች መስጠት። ስለ ምሕረት ሲነሣ ለሁለት የሚሰነጠቀው ፓርቲ በዚህኛው ላይ አንድ ሆኖ ነው የቆመው፤ ከሪፐብሊካኖቹ የተቃወሙት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሴኔቱ አልተቀበለውም እንጂ።

ከ2013ቱ የሴኔት ረቂቅ ጀርባ የቆሙት ስምንት ሴናተሮች ደግሞ ለዘብተኛ በሚባሉት ይመሩ ነበር፤ ከሪፐብሊካኖች ጆን ማኬይን፣ ሊንድሲ ግራሃም፣ ማርኮ ሩቢዮና ጄፍ ፍሌክ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ፈቃድ የሌላቸው ሰዎችን ወደ ዜግነት የሚወስደው ይኸው ረቂቅ ዲቪን ይሰርዝ ነበር። ከዴሞክራቶቹ ወገን በድርድሩ የተቀመጡት ቸክ ሹመር በ1990 ፕሮግራሙ እንዲወለድ ከሠሩት አንዱ ነበሩ። በ2017 በኒው ዮርክ በጭነት መኪና ስምንት ሰዎች ሲገደሉና ገዳዩ በዲቪ የገባ መሆኑ ሲታወቅ፣ ትራምፕ ሹመርን በስም ወቀሱ። ለሹመር የተሟገቱት ሪፐብሊካኑ ፍሌክ ናቸው፤ ክርክራቸውም ሹመር በ2013 ዲቪን ለማስቀረት ከእኛ ጋር ተስማምተው ነበር የሚል ነበር። እንዲህ ያለ ጥብቅና ለእኛ አንባቢ ብዙ ይነግራል።

በጃንዋሪ 2018 በዋይት ሐውስ በተደረገ ስብሰባ ትራምፕ ስለ አፍሪካ አገሮች ተናገሩት የተባለው ጸያፍ ቃል ዓለምን አስቆጥቷል፤ እርሳቸው ያንን ቃል አልተጠቀምኩም ብለዋል። ቁጣው ተገቢ ነበር። ነገር ግን በዚያ ስብሰባ ላይ ግራሃምና ዴሞክራቱ ዲክ ደርቢን ይዘውት የሄዱት የስምምነት ሐሳብ ራሱ የዲቪን ዕጣ አስቀርቶ ከቪዛዎቹ ከፊሉን በጊዜያዊ ጥበቃ ሥር ለነበሩ ሰዎች የሚያከፋፍል መሆኑን ያስተዋለ ጥቂት ነው። በዚያው ዓመት 23 ለዘብተኛ ሪፐብሊካኖች በልጅነታቸው ያለ ፈቃድ ወደ አሜሪካ የገቡ ወጣቶች ጉዳይ ለድምፅ እንዲቀርብ ከዴሞክራቶች ጋር ፈርመው ከሚያስፈልገው 218 ፊርማ 216 ደረሱ። አመራሩ ይህን ለማክሸፍ ሁለት ረቂቆችን አቀረበ፤ አንዱ የጥብቆቹ፣ ሌላው የመሀከለኞቹ። የመጀመሪያው በ193 ለ231፣ ሁለተኛው በ121 ለ301 ወደቁ። ብዙ ነገር የለያያቸው ሁለቱ ረቂቆች ዲቪን በመሰረዝ ግን አንድ ነበሩ።

ምክንያቱ የክፋት አይመስለኝም። በአሜሪካ የፍልሰት ሕግ እያንዳንዱ መንገድ የራሱ ዋስ አለው። በቤተሰብ የሚሄደው የሚጠራው ዜጋ አለ፤ ያ ዜጋ መራጭ ነው። በሥራ የሚሄደው አሠሪ ኩባንያ አለው፤ ኩባንያው ለምርጫ ገንዘብ ያዋጣል፣ ጉዳይ አስፈጻሚም ይቀጥራል። ጥገኝነት ተሰጥቶት የሚሰፍረውን አብያተ ክርስቲያናትና የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ይቀበሉታል። የዲቪ ዕድለኛ ግን ዕጣው እስኪወጣ ድረስ ማን እንደሆነ አይታወቅም። ነገ በዲቪ የሚገባውን የጎንደር ወይም የአዳማ ወጣት ስም ጠቅሶ ዛሬ በኮንግረስ ደጅ የሚጠና ሰው ሊኖር አይችልም፤ ወጣቱ ራሱ ዕድለኛ መሆኑን አያውቅምና። ድርድር ሲጀመር እያንዳንዱ ወገን ለሌላው የሚሰጠው ነገር ይፈልጋል፤ ባለቤት የሌለው ዕቃ ደግሞ ለመስጠት ይቀላል። የጥቁር ሕዝብ እንደራሴዎች ስብስብ በ2013 የዲቪን መሰረዝ መቃወሙ እውነት ነው፤ ስብስቡ ግን በሪፐብሊካኑ ፓርቲ የውስጥ ሚዛን ላይ ክብደት የለውም።

በዲሴምበር 2024 የተነሣው የኤች ዋን ቢ ቪዛ ጠብ ይህን ልዩነት በአደባባይ አሳየ። ኢላን መስክና ቪቬክ ራማስዋሚ ከውጭ የሚመጣ ባለሙያ ለአሜሪካ ቴክኖሎጂ አስፈላጊ ነው ሲሉ፣ ስቲቭ ባነንና ተከታዮቻቸው ቪዛው የአሜሪካዊውን ሠራተኛ ደመወዝ የሚያወርድ ማጭበርበር ነው አሉ። ትራምፕ በዚያ ሰሞን ወደ መስክ አዘነበሉ፤ በሴፕቴምበር 2025 ደግሞ በአዲስ ማመልከቻ ላይ የ100,000 ዶላር ክፍያ የሚጥል ዐዋጅ ፈረሙ። ዋስ ያለው መንገድ እንኳ ዋሱ ሲደክም ምን ሊደርስበት እንደሚችል ከዚህ ይታያል። ቢሆንም ጠቡ ነበረ፤ የሚከራከርለት ባለጸጋ፣ የሚሟገትለት ኩባንያ ነበረው። በዲሴምበር 2025 የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስትሯ ክሪስቲ ኖም በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ዲቪ ለጊዜው እንዲቆም ማድረጋቸውን ሲያስታውቁ በፓርቲው ውስጥ ያን የሚመስል ጩኸት አልተሰማም።

አንድ አንባቢ «ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት እንዴት ቆየ?» ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። የቆየው ስምምነቶቹ ሁሉ ስለፈረሱ ነው። ዲቪን የሚሰርዙት አንቀጾች የተቀመጡት በትልልቅ ረቂቆች ውስጥ ነበር፤ ትልልቆቹ ረቂቆች ደግሞ በምሕረት፣ በድንበርና በዜግነት ጉዳይ በተነሣ የፓርቲው ጠብ እየወደቁ ዲቪንም ይዘውት ሳይሄዱ ቀሩ። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል፤ የሪፐብሊካን ፓርቲ ዓርማ ዝሆን ነውና ምሳሌው ይገጥማል፣ ነገሩ ግን ተገልብጧል። ይህን ሣር የሚያሰጋው የዝሆኖቹ ዕርቅ ነው። ለዘብተኞቹ ቢያሸንፉ የሚል ሰው በ2013 ምኞቱ ተሳክቶ ቢሆን ኖሮ ከዚያ ወዲህ በዲቪ የገቡት ኢትዮጵያውያን ያ መንገድ አይኖራቸውም ነበር። በሌላ ወገን ረቂቁ ቢያልፍ በአሜሪካ ጥላ ሥር ይኖሩ የነበሩ እጅግ ብዙ ሰዎች፣ ኢትዮጵያውያንም ጭምር፣ ወረቀት ባገኙ ነበር። የትኛው ይበልጣል ለማለት ቀላል አይደለም፤ ቢያንስ ግን ምርጫው በወዳጅና በጠላት መካከል እንዳልነበር መታወቅ አለበት።

የኮንግረስ ጠብ የሰጠው ጥበቃ ከላይ በዐዋጅ ሊታለፍ እንደሚችልም በ2020 ታይቷል። ትራምፕ በወረርሽኙ ምክንያት ባወጡት እገዳ የዲቪ ዕድለኞች ወደ አገሪቱ እንዳይገቡ ተከለከሉ። በሕጉ መሠረት የአንድ ዓመት ዕድለኛ መብት በሴፕቴምበር 30 ይሞታል፤ ለሌላው መንገድ መዘግየት የሆነው እገዳ ለዲቪ ዕድለኛ መጥፋት ነው። ፍርድ ቤት ገብቶ የተወሰኑትን ታደገ። ለመክሰስ የደፈሩትም ስማቸው ከወጣ በኋላ ባለጉዳይ የሆኑት፣ ማለትም ዕጣው የደረሳቸው ናቸው።

ስለዚህ የፓርቲ ክፍፍልን የምናጠና ሰዎች ከንግግሮች ይልቅ የረቂቆቹን አንቀጾች፣ የኮሚቴ ድምፆችንና የተከሸፉ የፊርማ ጥያቄዎችን ብናነብ ብዙ እናተርፋለን። የዲቪ አመጣጥም ለዚህ ጥሩ መነሻ ነው። ፕሮግራሙ የታሰበው ለአፍሪካ አልነበረም። በ1986 የማሳቹሴትሱ ብራያን ዶነሊ፣ በ1990 ደግሞ የኮነቲከቱ ብሩስ ሞሪሰን የገፉበት በቦስተንና በኒው ዮርክ ዜጋና መራጭ የሆኑ የአየርላንድ ተወላጆች ተደራጅተው ስለጠየቁ ነው፤ በሽግግሩ ሦስት ዓመታት ከቪዛዎቹ 40 በመቶው ለአየርላንድ ተለይቶ ነበር። አየርላንዳውያኑ ገና ያልመጣው የወንድማቸው ልጅ ዋስ ሆነው ቆሙለት። ዛሬ በሰሜን ቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በሚኒሶታ በዲቪ ገብተው ዜግነት የያዙ፣ በቅድመ ምርጫም ሊሳተፉ የሚችሉ ኢትዮጵያውያን አሉ። ከእነዚህ መካከል በሪፐብሊካኖች ቅድመ ምርጫ ድምፅ የሚሰጡትን ለይቶ የሚያጠና የማስተርስ ጽሑፍ በትምህርት ክፍላችን ሲቀርብ ማየት እወዳለሁ።